የነጯ ጠጠር ተራ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ እናንተስ ጆሮ ይዛችሁ መጥታችኋል? «ይዘናል» ካላችሁ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት፣ ዕቃው አፍ አውጥቶ በሚከራከርበት፣ ዛፉም አስተያየት በሚሰጥበት በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ ደጋና ቆላ በሚዋሰኑበት አገር አንድ ረጅም ገደል ነበር። ገደሉ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድ መልክ አልነበረውም። ሥሩ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ከፍ ሲል ይጠይማል። ከዚያ ከፍ ሲል ይቀላል። ከዚያም ከፍ ሲል ይገረጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ጨው ይነጣል። በገደሉም ፊት ላይ፣ ከጥቁሩ እስከ ነጩ ድረስ፣ የእህል ጉድጓዶች ነበሩ።

«እህል በገደል ላይ ለምን ይቀመጣል?» ብላችሁ እንደሆነ፣ ጥያቄያችሁ ደግ ጥያቄ ነው። በሜዳ የተቀመጠውን ምስጥ ይበላዋል፤ ምስጥ የተወውን ጎርፍ ይወስደዋል። የገደሉ ጉድጓድ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ በጥጋቡ ዘመን እያንዳንዱ እንስሳ እህሉን በትንንሽ ስልቻ እየቋጠረ በየጉድጓዱ አስቀመጠ። ቀድሞ የመጣ ከታች ያዘ፤ ዘግይቶ የመጣ ከላይ ደረሰው። ከሁሉም ቀድሞ የመጣው የአገሩ ሽማግሌ፣ ቀንደ ረጅሙ አያ ሳላ ነበር፤ ጉድጓዱ ከሁሉ በታች፣ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሆነ። ከሁሉም ዘግይታ የደረሰችው ሁለት ልጆቿን አዝላ የመጣችው እመት ጃርት ነበረች፤ ጉድጓዷ ከሁሉ በላይ፣ በነጩ ድንጋይ ላይ ሆነ።

በዚያ ገደል ላይ ሸክም ይዞ መውጣት የሚችል አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ እርሱም ጭላዳ ነው። እህል የፈለገ እንስሳ ከራሱ ጉድጓድ ድንጋይ የተፈለጠች ጠጠር ይዞ ይመጣል። ጭላዳ ጠጠሯን አይቶ መልኳ ወደሚመስለው ድንጋይ ይወጣል፤ ከጉድጓዱ አንድ ስልቻ ያወጣል፤ ወደ ታች ይወረውራል። ስልቻው በገደሉ ሥር በተከመረው ገለባ ላይ ይወድቃል፤ ባለቤቱም አንሥቶ ይሄዳል። ጠጠር ያላት ትበላለች፤ ጠጠር ያለውም ይበላል። በጥጋብ ዘመን ይህ ሁሉ ቀላል ነበር።

ከዚያ ዝናብ ቀረ።

ሣሩ ደረቀ፤ ሥራ ሥሩ ጠፋ። በአንድ ጊዜ የአገሩ እንስሳ ሁሉ ጠጠሩን ይዞ ወደ ገደሉ ሥር ጎረፈ። ከርከሮ ይጮኻል፤ ሚዳቋ ትጮኻለች፤ ቆቅ ከሁለቱም ይልቅ ትጮኻለች። ጭላዳ ወደ ላይ ይላል፤ ከታች ይጠሩታል። ወደ ታች ይላል፤ የላይኛውን ያዙታል። በመጨረሻ ደረቱ ከወትሮው ይልቅ ቀልቶ፣ እጁ ተላልጦ፣ ወደ አያ ሳላ መጣ።

«አያ ሳላ፣ እኔ እግር እንጂ ክንፍ የለኝም» አለ። «ቀኑን ሙሉ ስንከራተት ውዬ የጣልሁት ስልቻ ከጣቶቼ አይበልጥም። የሚጮኽ ይበላል፤ ድምፅ የሌለው ይራባል። ጠጠሩን ሰብስቦ ተራ የሚነግረኝ አንድ ጠባቂ ስጡኝ። አለዚያ ገደሉን ራሳችሁ ውጡት።»

አያ ሳላ ሥርዓት ወዳድ ነበር። ቀንዱን ቀጥ አድርጎ «ጠባቂ ለመሆን የሚችል ይቅረብ» ሲል አስነገረ።

መጀመሪያ የቀረበው ከበሬ ቀንበር የተፈታ አሮጌ ጠፍር ነበር። ተጎትቶ መጣ፤ በሸንጎው ፊትም ርዝመቱን ሁሉ ዘረጋ።

«እኔ ቀጥ ያልሁ ነኝ» አለ ጠፍር። «ቀድሞ የመጣ ጠጠር በእኔ ላይ ቀድሞ ይቋጠራል። ዘግይቶ የመጣ ከኋላው ይቋጠራል። ጭላዳ ከፊት ከፊት እየፈታ ይሄዳል። ወዳጅ የለኝ፣ ጠላት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ።»

«ከቆዳ ሌላ ማን ዘመድ ሊሆንህ ነበር!» አለች ቆቅ። እንስሳቱ ሳቁ፤ ግን ነገሩ ደስ አላቸው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ቢበላ ማን ይከፋዋል? «ይሁን! ይሁን!» አሉ።

ቋጣሪዋ እመት እስስት ሆነች። ለምን እርሷ? ምክንያቱም ጠጠር ስትይዝ ቆዳዋ የጠጠሯን መልክ ይይዛል፤ ስለዚህ ከሁለት ጠጠር የትኛዋ እንደምትጠቁር፣ የትኛዋ እንደምትነጣ እርሷን የሚያታልል የለም። አካሄዷን ግን ታውቁታላችሁ። አንድ እግሯን ታነሣለች፤ ታስባለች፤ ትወዛወዛለች፤ ከዚያ ታስቀምጣለች።

ሥራው ተጀመረ። ሚዳቋ ጥቁር ጠጠር ሰጠች፤ ጭላዳ ከታች ስልቻ ጣለላት። ቀጥላ ቆቅ የገረጣ ጠጠር ሰጠች፤ ጭላዳ እስከ ገረጣው ድንጋይ ወጣ። ቀጥሎ ከርከሮ ጠይም ጠጠር ሰጠ፤ ጭላዳ ወረደ። ቀጥሎ ሌላ የገረጣ ጠጠር መጣ፤ ጭላዳ አሁን ወደ ለቀቀው ድንጋይ ተመልሶ ወጣ። እንዲህ ሽቅብ፣ እንዲህ ቁልቁል፣ እንዲህ ሽቅብ ሲል ዋለ። አድልዎ አልነበረም፤ እህልም አልነበረም።

ከጠፍሩ ጫፍ አካባቢ ነጯን ጠጠሯን ያስቋጠረችው እመት ጃርት ቆማ ትጠብቅ ነበር። የእርሷ ቋጠሮ ሳይደርስ ጭላዳ ከገደሉ ሥር ተዘረረ።

«ጠፍር በቃኝ» አለ። «ቀጥነቱን በእኔ እግር ነው የሚከፍለው።»

ሁለተኛዋ ቀራቢ ቅል ነበረች። ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ቀጭን፣ ለራሷ ያላት ግምት ከሆዷም የሰፋ።

«ቀድሞ መጣ፣ ዘግይቶ መጣ፤ ይህ ምን ይረባል?» አለች ቅል። «ጠጠራችሁን ሁሉ ወደ ሆዴ ጣሉ። ጭላዳ የቆመበትን ድንጋይ ብቻ ንገሩኝ። እኔ ተነቅንቄ፣ ተነቅንቄ፣ ለእርሱ የምትቀርበውን ጠጠር ከአፌ ላይ አወጣለሁ። እግሩ አንድ እርምጃ በከንቱ አትሄድም።»

«ይሁን! ይሁን!» አሉ እንስሳቱ።

ቅል ተነቀነቀች። ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ! ጥቁር ጠጠር ወጣች፤ ጭላዳ ከአጠገቡ ስልቻ ጣለ። ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ! ሌላ ጥቁር። ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ! ጠይም። ስልቻ እንደ በረዶ ይዘንብ ጀመር። ገለባው ላይ ደፍ፣ ደፍ፣ ደፍ ይላል። ከርከሮ በላ፤ ሚዳቋ በላች፤ በልተውም ሲያበቁ ሌላ ጠጠር ይዘው ተመለሱ። የቅል ስም በአገሩ ሁሉ ገነነ።

እመት ጃርት ግን በልታ አልተመለሰችም። ጠጠሯ ነጭ ናት፤ ጉድጓዷ ከላይ ነው። ማልዳ መጥታ ትጥላለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባዶ እጇን ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ የታናሽ ልጇን ሆድ በአፍንጫዋ ነካች። የጃርት ልጅ ሲነኩት እሾሁን ያቆማል፤ ተኝቶም ቢሆን ያቆማል። የዚያ ልጅ እሾህ አልቆመም። እንደ ረጠበ ሣር ተኝቶ ቀረ።

እመት ጃርት ወደ ቅል ሄደችና በአፏ ቁልቁል ተመለከተች።

«እመት ቅል፣ ጠጠሬ የት አለች?»

«ከሥር አለች።»

«መቼ ትወጣለች?»

«ጭላዳ ወደ ነጩ ድንጋይ ሲቀርብ ትወጣለች።»

«ጭላዳስ ወደ ነጩ ድንጋይ መቼ ይቀርባል?»

«ጠጠርሽ ስትወጣ ነዋ!»

እመት ጃርት እንደገና ጠየቀች። «በመካከል የታችኞቹ ሌላ ጠጠር ይዘው ቢመጡስ?»

«እነርሱ ይቀርባሉ» አለች ቅል። «የእኔ ሥራ የሚቀርበውን ማውጣት ነው። እስከ ዛሬ ተሳስቼ አላውቅም።»

እውነቷን ነበር፤ ተሳስታ አታውቅም። ችግሩም ይኸው ነበር።

ሌላ የተናደደ እንስሳ ቢሆን ቅሏን ይሰብራት ነበር። እመት ጃርት ግን ጠያቂ ናት፤ አንድ ነገር ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ከጠይሙ ድንጋይ ሥር ተቀምጦ እጁን የሚልሰውን ጭላዳን ልትጠይቅ ሄደች።

«አንተ ጭላዳ፣ ከሁሉ የሚያደክምህ ምንድን ነው? መውጣቱ ነው?»

«መውጣትስ አያደክመኝም።»

«መውረዱ ነው?»

«መውረድም አያደክመኝም። የሚያደክመኝ መመለስ ነው። ወደ ላይ ስል ‹ተመለስ›፣ ወደ ታች ስል ‹ተመለስ›። አንዴ ሽቅብ ካልሁ እስከ መጨረሻዋ ጠጠር ድረስ ሽቅብ ብሄድ፣ በመንገዴ ያሉትን ሁሉ እየጣልሁ፤ ከዚያ ዞሬ ቁልቁል ብመጣ፣ በመንገዴ ያሉትን ሁሉ እየጣልሁ፤ ለእኔ ይህ ሽርሽር ነበር።»

«እንደዚያ ብትሄድ እኔ ጋ ትደርሳለህ?»

«ምን ጥያቄ አለው! ከጫፉ ሳልደርስ ወዴት እዞራለሁ?»

እመት ጃርት በአንድ ትንፋሽ ሸንጎው ፊት ቆመች። ጭላዳ ያለውን ሁሉ ተናገረች። አያ ሳላም ሰማት፤ ሰምቶም ወደ ጠባቂዎቹ ዞረ።

«ጭላዳ በቀዩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ‹ከእኔ በላይ ቀጥላ ያለችው ጠጠር የትኛዋ ናት?› ቢላችሁ ትነግሩታላችሁ?»

«እኔ ቀድማ የመጣችውን እነግረዋለሁ» አለ ጠፍር።

«እኔ የምትቀርበውን እነግረዋለሁ» አለች ቅል። «ከበላይ ትሁን ከበታች እኔ ምን አገባኝ?»

«ቀድማ የመጣችውን አልጠየቅሁም፤ የምትቀርበውንም አልጠየቅሁም» አለ አያ ሳላ። «ከላይ ቀጥላ ያለችውን ነው የጠየቅሁት።»

ጠፍር ትንሽ ተጠማዘዘ። «እንግዲያው ጠጠሮቹን በመልካቸው ቅደም ተከተል ቋጥሩብኝ። ከጥቁር እስከ ነጭ። ያን ጊዜ ቀጣይዋ ከጎኗ ናት።»

ሐሳቡ መልካም ይመስል ነበር። ሞከሩት። ቀይ ጠጠር መጣች። እመት እስስት ከጠፍሩ ጫፍ ጀመረች። በጥቁሩ ቋጠሮ ላይ ቆመች፤ አመዛዘነች፤ አለፈች። በሁለተኛው ቋጠሮ ላይ ቆመች፤ አመዛዘነች፤ አለፈች። በሦስተኛው ላይ ቆመች። የቀይዋ ጠጠር ባለቤት አዛጋ። እመት እስስት ቦታዋን አግኝታ ከጎኗ ያለውን ቋጠሮ ፈትታ፣ አስጠግታ፣ እንደገና ስትቋጥር፣ ከኋላዋ ጠጠር የያዙት እንስሳት እስከ ወንዙ ድረስ ተሰልፈው ነበር።

ያን ጊዜ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል ያልተናገረ ድምፅ ተሰማ። በገደሉ ሥር የቆመው ግራር ነበር።

«እኔን የሚጠይቀኝ ጠፋ» አለ ግራር። «ለእያንዳንዷ ጠጠር አንዳንድ ባላ አወጣለሁ። የመጀመሪያዋን በግንዴ ባላ ላይ ስቀሉ። ቀጥላ የመጣችው ከእርሷ ጠቆር ካለች ወደ ግራ ትሂድ፤ ነጣ ካለች ወደ ቀኝ ትሂድ። ባዶ ቦታ ካገኘች ትቀመጥ፤ ሌላ ጠጠር ካገኘች እንደገና ትጠይቅ። ጠቆር ያለች ወደ ግራ፣ ነጣ ያለች ወደ ቀኝ።»

«በዚህስ ምን እናተርፋለን?» አለች እመት እስስት። መንገድ ሁሉ ያሳስባታል።

«በአንድ ባላ ላይ በጠየቅሽ ቁጥር ከጠጠሮቹ እኩሌታውን ሳታዪያቸው ትተዪያቸዋለሽ። ወደ ቀኝ ከሄድሽ የግራው ሁሉ አይመለከትሽም።»

እመት እስስት ሁለት ዓይኖቿን ወደ ሁለት አቅጣጫ አዞረች። ካሰበች በኋላም «እኩሌታውን ሳላየው?» አለች። «ይህስ ለእኔ እግር የተሠራ ነው።»

«ይሁን! ይሁን!» አሉ እንስሳቱ።

አሁን የምነግራችሁን አስተውሉ፤ ስሕተቱ እዚህ ነው የገባው። በዚያ አገር ልማድ ነበር፤ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ማንም አይቀመጥም። ስለዚህ ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ የአያ ሳላን ጠጠር በግንዱ ባላ ላይ ሰቀሏት። የክብር ቦታ ናትና። አያ ሳላም ቀንዱን ነቅነቅ አድርጎ ተቀበለ። ጠጠሯም ከሁሉ የጠቆረችው ነበረች።

እመት ጃርት በዚያች ሰዓት አልነበረችም። የልጆቿን ትንፋሽ ለማዳመጥ እስከ ቤቷ ደረስ ብላ ነበር።

እርሷ ስትሄድ ጉንዳኖች መጡ። ጉንዳን እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ። ጉድጓዶቻቸውም እንደ ሰልፋቸው ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ነበር። የፊተኛው ጠይም ጠጠር ሰጠ። የሚቀጥለው ቀይ፤ የሚቀጥለው ገርጣ ያለች ሰጠ።

እመት እስስት ጠየቀች፤ «ጠቆር ያለች ናት ወይስ ነጣ ያለች?»

«ነጣ ያለች!»

ወደ ቀኝ ሰቀለቻት።

«ጠቆር ያለች ናት ወይስ ነጣ ያለች?»

«ነጣ ያለች!»

ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሰቀለቻት።

«ይቺስ?»

«ነጣ ያለች!»

ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ። ግራሩ በግራ በኩል አንድ ቅጠል እንኳ ሳያወጣ፣ በቀኝ በኩል እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ረዘመ።

እመት ጃርት ስትመለስ ነጯን ጠጠሯን ሰጠች። እመት እስስት ከግንዱ ጀምራ ቅርንጫፉን ሁሉ እያመዛዘነች ሄደች። ከጫፉ ጫፍ ላይ ሰቅላት ስትመለስ ቅርንጫፉ ጎበጠ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጠፍር መሬት ላይ ተኝቶ ሳቀ። «እንኳን ደኅና መጣህ ወንድሜ ግራር! አንተም ጠፍር ሆንህ። ልዩነታችን እኔ አለመሰበሬ ነው።»

«አፍህን ያዝ» አለ ግራር። ድምፁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጭላዳ በዚያን ጊዜ ከጥቁሩ በላይ ካለው ከጠይሙ ድንጋይ ተነሥቶ፣ እየጣለ እየጣለ ሽቅብ ወጥቶ በቀዩ ድንጋይ ላይ ደርሶ ነበር፤ የተጣለላቸውን ጠጠሮች ከባላው የሚያወርድ ግን ገና አልነበረም። ድንጋዩ በፀሐይ ግሏል። «ከእኔ በላይ ቀጥላ ያለችው የትኛዋ ናት?» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ! እየሄድሁ ነው!» አለች እመት እስስት። አንድ እግር አነሣች፤ አሰበች፤ ተወዛወዘች። ከመንገዷ እኩሌታ ሳትደርስ ቆቅ አዲስ ጠጠር አመጣች፤ እመት እስስት ከግንዱ ልትጀምር ተመለሰች። ሚዳቋ አዲስ ጠጠር አመጣች፤ እንደገና ከግንዱ ልትጀምር ተመለሰች።

«ድንጋዩ እጄን አቃጠለኝ!» አለ ጭላዳ። «ቶሎ ካልነገራችሁኝ እወርዳለሁ። ከወረድሁም ዛሬ የሚያወጣኝ የለም።»

ቅርንጫፉ እንደገና ቀጭ አለ። ቢሰበር ጠጠሩ ሁሉ በገለባው ውስጥ ይበተናል፤ ጭላዳም ይወርዳል። ከርከሮ ነገ ቢበላ ችግር የለውም፤ ትናንት በልቷል። እሾሁን ማቆም ያቃተው ያ ልጅ ግን ለነገ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም። እናቱ ይህን ታውቅ ነበር።

አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ግራሩን ዙሪያውን ዞረችና እንደ ልማዷ ጠየቀች።

«እመት እስስት፣ ወደ ግራ የሚሄድ ጠጠር ለምን ጠፋ?»

«በግንዱ ባላ ላይ ካለችው የምትጠቁር ስለሌለች።»

«በግንዱ ባላ ላይ ቀዪቱ ብትሆንስ ኖሮ?»

«ጥቁሮቹና ጠይሞቹ ወደ ግራ፣ የገረጡትና ነጮቹ ወደ ቀኝ በሄዱ ነበር። መንገዴም እኩሌታ በሆነ ነበር።»

«በግንዱ ባላ ላይ ያለችው የማን ናት?»

የእመት እስስት ቆዳ ከሰል መሰለ። ከርከሮ ወደ መሬት ተመለከተ። ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ሁለቱ ረጃጅም ቀንዶች ዞረ።

እመት ጃርት በአያ ሳላ ፊት ቆመች።

«አያ ሳላ፣ ጠጠርዎ ከግንዱ ባላ ትውረድልኝ።»

«ደፋር!» አለ ከርከሮ።

«ዝም በል» አለ አያ ሳላ። ከዚያ ወደ እርሷ ዞረ። «በእኔ ቦታ ማን ይቀመጣል?»

«ቀዪቱ ጠጠር።»

«ቀዪቱ የማን ናት?»

«የጉንዳን» አለች እመት እስስት በቀጭን ድምፅ።

ሸንጎው አጉረመረመ። ሳላ ወርዶ ጉንዳን ሊወጣ! ከሰልፉ መካከል አንድ ጉንዳን ራሱን ቀና አደረገና፣ «እኛ ወንበር አልጠየቅንም» አለ። «ጠጠራችንን ከፈለጋችሁ ከሥሩ ስቀሏት። እህላችንን ብቻ ጣሉልን።»

አያ ሳላ ወደ እመት እስስት ዞረ። «እመት እስስት፣ አሁን ባሉበት ቦታ ጠጠሮቹን ከጥቁር ወደ ነጭ ጥሪያቸው» አለ።

ጠራቻቸው። የሳላ፣ የሚዳቋ፣ የጉንዳን፣ የጉንዳን፣ የጉንዳን፣ የቆቅ፣ የጃርት።

«አሁን ደግሞ ቀዪቱ በግንዱ ባላ ላይ፣ የእኔ በግራ ቢሆኑ ብለሽ አስቢና ከግራ ወደ ቀኝ ጥሪያቸው።»

እመት እስስት ዓይኗን ጨፍና አሰበች። ከዚያ ጠራች። የሳላ፣ የሚዳቋ፣ የጉንዳን፣ የጉንዳን፣ የጉንዳን፣ የቆቅ፣ የጃርት።

«ያው ነው!» አለ አያ ሳላ በመገረም።

«ያው ነው አያ ሳላ» አለች እመት ጃርት። «ቦታዎ ይለወጣል፤ ተራዎ አይለወጥም። የማንም ተራ አይለወጥም። የሚያጥረው የእመት እስስት መንገድ ብቻ ነው።»

አያ ሳላ ወደ ግራሩ ሄደ። ማንም ሳይነካለት በራሱ ቀንድ ጫፍ ጥቁሯን ጠጠር ከግንዱ ባላ አወረዳት። ግራሩ በግራ በኩል አዲስ ባላ አወጣ፤ አያ ሳላም እዚያ ሰቀላት። ቀዪቱ የጉንዳን ጠጠር በግንዱ ባላ ላይ ተቀመጠች። በቀኙ ቅርንጫፍም እንዲሁ አደረጉ፤ በግራውም እንዲሁ አደረጉ። በየባላው መካከለኛዋን እያስቀመጡ፣ የጠቆረችውን ወደ ግራ፣ የነጣችውን ወደ ቀኝ አደረጓት። ጎብጦ የነበረው ቅርንጫፍ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ግራሩ ከግራና ከቀኝ እንደ ጥላ ተዘረጋ፤ ረጅም ትንፋሽም ተነፈሰ።

«ከእኔ በላይ ቀጥላ ያለችው የትኛዋ ናት?» አለ ጭላዳ። ድምፁ ደክሟል።

እመት እስስት አንድ እግር አነሣች፤ ተወዛወዘች፤ አስቀመጠች። ሌላ እግር አነሣች፤ ደረሰች።

«ገርጣ ያለችው!»

ጭላዳ ወጣ፤ ስልቻ ጣለ። ደፍ!

«ቀጥላስ?»

«ከዚያ የገረጣችው!»

ጭላዳ ወጣ፤ ስልቻ ጣለ። ደፍ!

«ቀጥላስ?»

«ነጯ!» አለች እመት እስስት፤ ቆዳዋም ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ እንደ ጨው ነጣ። «ነጯ ጠጠር!»

ከዝናቡ መቅረት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭላዳ በገደሉ ጫፍ ላይ ታየ። ከታች ሲያዩት የአውራ ጣት ያህል ነበር። አንድ ስልቻ ወረደ። ሲወርድ ቆየ፤ ከሁሉም ይልቅ ቆየ። ደፍ! እመት ጃርት አንሥታው ሮጠች።

ታናሽ ልጇ መጀመሪያ አንድ ፍሬ ላሰ። ከዚያ አንድ ፍሬ ቆረጠመ። ከዚያ ተኛ። እመት ጃርት ስትጠብቅ ቆየችና በአፍንጫዋ ሆዱን ነካች። እሾሁ ቆመ፤ አንደኛው አፍንጫዋን ወጋት። ደሟን እየላሰች ሳቀች።

በገደሉም ሥር ጭላዳ ቁልቁል እየመጣ ነበር፤ በመንገዱ ያሉትን ሁሉ እየጣለ። እርሱ ሽቅብ ካለፈ በኋላ የመጡት ቀያዮች ደረሳቸው፤ ጠይሞቹ ደረሳቸው። ከሁሉ በኋላ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ፣ የአያ ሳላ ስልቻ ወረደች።

ጠፍር ነገር መፈለግ አይተውም። «አያ ሳላ፣ ከግንዱ ባላ ወርደው ይኸው የመጨረሻ ሆኑ» አለ።

አያ ሳላ ስልቻውን በቀንዱ ፈታ። «በግንዱ ባላ ላይ ሳለሁም መጨረሻ ነበርሁ» አለ። «የክብር ቦታ ላይ ስለ ነበርሁ አይታየኝም ነበር እንጂ።»

ከዚያ ክረምት ገባ፤ ሣሩ በቀለ። ወደ ገደሉ የሚመጣው ጠያቂ አንድ ወይም ሁለት ሆነ። እመት እስስት «ለሁለት ጠጠር ግራር ምን ያደርግልኛል?» አለችና ጠፍርን ከወደቀበት አነሣችው። ጠፍርም ለጥቂት ጠያቂ የሚበቃ ጠባቂ ሆኖ ቀጥ እንዳለ ኖረ። ቅልን እመት ጃርት ወሰደቻት፤ ለልጆቿ ውኃ ትቀዳባት ጀመር። ቅልም በአዲሱ ሥራዋ ተሳስታ አታውቅም። ግራሩ ግን ድርቅ በመጣ ቁጥር ይጠራል፤ በተጠራም ቁጥር የመጀመሪያ ቃሉ «በግንዴ ላይ መካከለኛዋን ስቀሉ፤ የሽማግሌውን አይደለም» የሚል ነው። ይህን ሲል በአገሩ ከሁሉ ጮክ ብሎ የሚስቀው አያ ሳላ ነበር ይባላል።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎች አንድ እግር ሲጠብቁ፣ እግሩ ምን ያህል ይፈጥናል ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ተራው የተሰቀለው በምን ላይ ነው ብላችሁም ጠይቁ። መጠየቃችሁን ያልወደደ ጠባቂ ቢኖር፣ ጠጠራችሁ ከሥር መሆኗን እወቁ።

እኔ ስልቻዬን ከላይ ጣልሁላችሁ፤ እናንተ ፍቱትና ተካፈሉት።